ጉልበት ሲሳም ሌንሱን ማን ያዙረው?

ሰው ፈጣሪውን ምክር ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ ውሳኔውን በኪሱ ይዞ ነው። እናንተን አላውቅም፤ እኔ እንደዚያ ነኝ። ያን ሰሞን ሻጩን ለምኜ ሁለት የካሜራ ሌንስ ለሙከራ ይዤ እንጦጦ ወጣሁና ከባሕር ዛፎቹ መሃል ቆሜ «ጌታ ሆይ፣ አዲሱን ነው አሮጌውን?» አልኩ። እጄ ግን አሮጌውን አቅፎ ነበር።

አዲሱ ቀላል ነው፤ ፊት ሲያይ ራሱ ፎከስ ያደርጋል። ግን በእኔ አቅም የሚገኘው ዓይነት ጥላ ሲገባ ይጨልምበታል። አሮጌው እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ምስሉ እስኪጠራ ድረስ ቀለበቱን በጣት ማዞር ነው። ብርሃን ግን አይሰስትም። እኔ ደግሞ እንጀራዬ ሰርግ ማንሳት፣ ድንኳን ውስጥ ነው። ፊደል ብዙ ባልቆጥርም ጣቴ ፊት ያነባል። አሮጌውን ገዛሁ።

እንጦጦ ፓርክ አብሮኝ ሙሽራ የሚያነሳው ታምራት ሲያየው ሳቀ። «አንተ፣ ይሄን ከሙዚየም ነው የተዋስከው?»

«ቆይ፣ ሰላሜን ስድር ታየዋለህ። ካሜራ ይዘህ እንዳትመጣ ደግሞ፤ አንተ እንግዳ ነህ።»

ሰላሜ አንድዬ ልጄ ናት። ከሰርጉ ሁሉ በልቤ የያዝኩት አንድ ፎቶ ነበር፦ ጉልበት ስትስም።

ቀኑ ደረሰ። የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ድንኳን ተጣለ፤ እኔም በሙሉ ልብስ ላይ ካሜራ አንጠልጥዬ ስራወጥ ዋልኩ። ልጄና ባሏ ጉልበት ሊስሙ ሲመጡ ባለቤቴ ተቀምጣለች፣ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነው። እኔ ፊት ለፊት ተንበርክኬ የሌንሴን ቀለበት አዞራለሁ።

«አባዬ፣ የማንን ጉልበት ልሳም?» አለች ሰላሜ።

ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ። አያችሁ፣ ያቺን ፎቶ ስንት ጊዜ በሐሳቤ ሳነሳት ጉልበቱ የእኔ መሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ካሜራውን ለታምራት አቀብዬ ተቀመጥኩ። ልጄ ዝቅ አለች። ታምራት ሆዬ ቁልፉን ነካ አድርጎ ሌንሱ ራሱ እስኪያጠራለት ይጠብቃል!

«እግዚአብሔር ይባርክሽ ልጄ፣ ውለጂ ክበጂ፤ አዙረው እንጂ አንተ!»

«የቱን ነው የማዞረው?»

ፎቶው ታጠበ። ከኋላችን ያለው የድንኳን ምሰሶ ጥርት ብሏል፤ እኛ ጉም ነን። በአዲሱ ሌንስ ቢሆን ማንም ያነሳው ነበር፤ እሱን አልክድም።

ቢሆንም በትልቁ አሳጥቤ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ ተነስቼ «ይቺ ጎንበስ ያለችው ልጄ ናት» እላለሁ፣ ደረቴን ነፍቼ። ባለቤቴ ታዲያ «በዚያች ሰዓት እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ» እያለች ታስወራብኛለች። ማስረጃው እኮ ግድግዳው ላይ ነው። እስቲ እንባ የሚታየው ሰው ይምጣ!