የጋሽ እንዳላማው በርጩማ

በየጋራዡ አንድ ጠርጣሪ ደንበኛ አለ። የለም የሚል ጋራዥ ካለ፣ ወይ ትናንት ነው የተከፈተው፣ ወይ ደንበኛው ጥግ ተደብቆ እያየ ነው። ለደብረ ማርቆሱ መካኒክ ለገዳሙ የደረሰው ደግሞ ተራ ጠርጣሪ አይደለም፤ ሊቀ ጠርጣሪያን ጋሽ እንዳላማው ናቸው።

ጋሽ እንዳላማው ያቺን አሮጌ ፒክአፕ ሊያሠሩ ሲመጡ በርጩማቸውን ከቤት ይዘው ነው። ከመኪናዋ አጠገብ ቁጭ ብለው እያንዳንዷን ብሎን ስትፈታ ይቆጥራሉ። ዕቃ እንዳይለወጥባቸው በምስማር መስቀል ይጭሩበታል። አሮጌ ዕቃ ሲወጣም "የኔን ስጠኝ!" ብለው በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ወደ ቤት ይወስዱታል። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከእንግዲህ አይሠራም" ሲላቸው፣ "ካልሠራ አንተ ለምን ፈለግኸው?" ይላሉ። ገዳሙ ለዚህ መልስ ሲፈልግ አሥራ አምስት ዓመት ሆነው።

ዘንድሮ የመጡበት ጉዳይ ግን ከብሎን ይከብዳል። በይጁቤ በኩል ቁልቁል ሲወርዱ፣ ዓባይ ዳር፣ እህታቸው ሙላቷ የምትኖርበት መንደር አለ። ባለፈው ዓመት የሙላቷ ባል በተነፋ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ወንዙን ሊሻገር ገብቶ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ እንዳላማው እንቅልፍ የላቸውም። ማርቆስ ያሉትን የአገራቸውን ልጆች አስተባብረው ገንዘብ አሰባሰቡ፤ በያጁ ጌቱም የብረት ጀልባ ሠራላቸው። የቀረው ዝናቡ ሳይጠና በፒክአፗ ጎትቶ ማውረድ ነው።

ገዳሙ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ አየና ወጣ። "ጋሼ፣ የኋላው ባሌስትራ፣ ያ ጭነቷን የሚሸከመው ንብርብር ብረት፣ ደክሟል። እንዲህ እንዳለች ያንን ቁልቁለት ጀልባ እየጎተተች ከወረደች፣ መሀል መንገድ ላይ ይሰበርና ሁላችሁንም ይዛ ገደል ትገባለች። አንድ ንብር እንጨምርበት።"

"ለምን?" አሉ።

"አሁን ነገርኩዎት እኮ!"

"እሱንማ ሰማሁ። አንተ ለምን አልኸ ነው የምልህ።"

ተነስተው ሌላ ጋራዥ ሄዱ። እዚያ "አያስፈልጋትም፣ ትችላለች" ሲሏቸው ይብስ ደነገጡ። ሥራ ላምጣልህ ሲሉት አያስፈልግም የሚል መካኒክ? አንድ ነገርማ አለ! ሦስተኛው "በደንብ ያስፈልጋታል" ሲላቸው ደግሞ "ከገዳሙ ጋር ተደዋውሏል" አሉ። አምበር ድረስ ሄደው አራተኛ ጠየቁ። በመጨረሻ ሰውን ትተው መኪናዋን ራሷን ሊጠይቋት ቆረጡ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ስምንት የእድር ሰው ፒክአፗ ላይ ጫኑ፤ በዱላቸው ቁመቷን ከመሬት እየለኩ፣ "መሪጌታ፣ ትንፋሽዎን አይያዙ፣ ይቀልሉብኛል!" ይላሉ። ስምንተኛው ሲወጣ መኪናዋ ሲጢጥ ብላ ጎማዋ ላይ ዘፍ አለች። ያን ጊዜ ነው "በል ይጨመር" ያሉት።

ማክሰኞ ገዳሙ ከመለዋወጫ ሱቅ አንድ ንብር ባሌስትራ ገዝቶ መጣ። አዲስ ነው፤ ጥቁር ቀለሙ ያብረቀርቃል። ጋሽ እንዳላማው በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ "እስቲ አምጣው" አሉና መስቀላቸውን ሊጭሩ በምስማራቸው ቀለሙን ፋቅ አደረጉት። ከቀለሙ ሥር መስቀል ነበረ። የራሳቸው መስቀል።

ከሦስት ዓመት በፊት ከዚችው ፒክአፕ ተሰብሮ የወጣው ነው። ለካ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘመናይ ቤቱን ብረት ሞላው ብለው በጓሮ በር ለቁራሌው ሸጠውታል፤ ብረቱም ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ አዲስ ተብሎ መጣ። ገዳሙ አሥራ አምስት ዓመት ያልሠራው ሌብነት ዛሬ እጁ ላይ ተገኘ፤ ማን ያምነዋል?

"ጋሼ፣ በማርያም! እኔ አዲስ ብዬ ነው የገዛሁት።"

ጋሽ እንዳላማው ብየዳውን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። "አንተንም አታለሉህ?" አሉ ቀስ ብለው። "ምነው አንተ ልጅ፣ ሰው እንዲህ ይታመናል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ!"

"እኔን... አልጠረጠሩኝም?"

"ሌባ ብትሆንማ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በርጩማ ተሸክሜ አንተ ዘንድ እመላለስ ነበር?"

ባሌስትራውን ታቅፈው ሱቁ ሄዱ፤ ሰፈሩ እስኪሰበሰብ ጮኸው እውነተኛውን አዲስ ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ተደርጎ የማያውቀውን አደረጉ፤ "በል ሥራ፣ አምኜሃለሁ" ብለው በርጩማቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ገዳሙ ይህችን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝቷት ነበር! አንድ ብሎን አጠበቀ። ተጠራጠረና ፈታው። መልሶ አጠበቀው፤ ስንተኛው እንደሆነም ጠፋበት። ያ የሚያናድደው አፍጣጭ ዓይን ናፈቀው። ቢጨንቀው ስልክ ደወለ።

"ጋሼ፣ ኧረ ይምጡና ይቁጠሩልኝ።"

"ለምን?" አሉ ጋሽ እንዳላማው። "ምን ልታደርግ ነው?" ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በርጩማቸውን ይዘው ደረሱ።

ቅዳሜ ገዳሙም አብሯቸው ሄደ፤ ጀልባዋ በፒክአፗ ተጎትታ ያንን ሁሉ ቁልቁለት ያለ አንዳች ኮሽታ ወርዳ ዓባይ ላይ ተንሳፈፈች። ሙላቷ ልትሳፈር እግሯን ስታነሳ ጋሽ እንዳላማው ክንዷን ያዙ።

"ቆይ። መጀመሪያ ገዳሙ ይግባ።"

ገዳሙ ሳቁ እየመጣ ገባ። ዋና የሚባል ነገር የማያውቁት ጋሽ እንዳላማው ተከትለውት ገቡና፣ በርጩማቸውን ከጎኑ አድርገው ቁጭ አሉ።