በስተርጅና የኮሪያ ተማሪ

ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይ ቤተ ክርስቲያን ያዘወትራል፣ ወይ ከሐኪም ሐኪም ይዞራል። እኔ ኮሪያ ሄድኩ። ለጉብኝት እንዳይመስላችሁ፤ ለትምህርት ነው። የተማሪ መታወቂያ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ የልጅ ልጆቼ ከሚሆኑ ልጆች ጋር ለምሳ ተሰልፌ።

ሳቁ፤ ግድ የለም። ሎስ አንጀለስ፣ የሐበሻ ሰፈራችን ፌርፋክስ ላይ ያልሳቀ ሰው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲ የጀመርኩት አገር ቤት ነበር። ከዚያ የሆነው ሆነና ሳልጨርስ ወጣሁ። ሎስ አንጀለስ ስገባ ትንሽ ልክረምና እቀጥላለሁ አልኩ። ከረምኩ። ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ሆኜ፣ በዚያች የመስታወት ሳጥን ተቀምጬ ያላነበብኩት ነገር የለም። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ብዙ አንብቦ ዲግሪ የሌለው ሰው አመል ያወጣል። እኔ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው አርማለሁ። የሟቹን የሕይወት ታሪክ የሚያነበው ሰው ዕድሜ ከተሳሳተ እዚያው ከመቀመጫዬ አስተካክልለታለሁ። ሰዎች እኔን ሲያዩ ከአጠገቤ ተነስተው ወንበር የሚለቁልኝ በአክብሮት ይመስለኝ ነበር። ለካ እየሸሹ ኖሯል!

ካልቨር ሲቲ ባቡር የገባ ሰሞን ጡረታ ወጣሁና በዚያው ባቡር እየተመላለስኩ ትምህርቴን ቀጠልኩ። ወደ መጨረሻው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አየሁ፤ ኮሪያ ሄዶ አንድ መንፈቅ መማር ይቻላል ይላል። ልብ በሉ፤ ሳየው ምንም አልተሰማኝም። ጆሮውን የተበሳው የትምህርት አማካሪዬ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ "እሱ እንኳን ለወጣቶች ነው የሚሆነው" አለኝ። በቃ። ኮሪያ የላከኝ ዕውቀት ፍለጋ አይደለም፤ እልህ ነው።

ጋሼ ታደለን ታውቋቸዋላችሁ፤ ባታውቋቸውም አንድ ቀን በታክሲያቸው አድርሰዋችኋል። ኤርፖርት የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። መንገዱን ሙሉ ሲስቁብኝ ሄዱ።

"እትዬ ጽጌ፣ ኮሪያ ካማረዎት ኮሪያታውን እዚሁ አፍንጫችን ሥር አይደል? ከፈለጉ በየቀኑ ድራይቭ አደርግዎት የለም እንዴ?"

"ለትምህርት ነው የምሄደው" አልኳቸው።

"ገባኝ፣ ገባኝ። እዚህ የሚያርሙት ሰው አልቆብዎት ነው።"

ዲግሪውን ይዤ ስመለስ አሳያቸዋለሁ ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ለዲግሪው የቀረኝ ያ የኮሪያ ትምህርት ብቻ ነበር። ካለፍኩ ምሩቅ ነኝ። ከወደቅሁ ደግሞ ጋሼ ታደለ እስክሞት ድረስ መሳቂያ ያገኛሉ።

እዚያ ስደርስ ምን ልበላችሁ! ሽማግሌ ይከበራል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ እንዲህ መሆኑን ግን አላወቅሁም። እዚህ ፌርፋክስ ትናንት ክርስትና ያስነሳናቸው ልጆች "አንቺ፣ ምን ልታዘዝ?" ይሉኛል። እዚያ ልጆቹ እስከ ወገባቸው ጎንበስ ይሉልኛል። ቦርሳዬን ይቀበሉኛል። አሳንሰር ውስጥ ካላስቀደሙኝ አይገቡም። ይሄን ሁሉ ዓመት ስነጫነጭለት የኖርኩት አክብሮት ሴኡል ተቀምጦ ይጠብቀኝ ኖሯል አልኩ።

እንግዲህ ራቱን ልንገራችሁ።

አስተማሪያችን በቡድን ከፋፈሉን። በየቡድናችን አጥንተን ሁለት ጊዜ ክፍል ፊት ማቅረብ አለብን፤ ውጤታችንም በአብዛኛው ከዚያ ነው የሚመጣው። የእኛ ቡድን መሪ ሚንጂ የምትባል ቀጭን ልጅ ነበረች። ለመተዋወቅ ብላ ሁላችንንም ምግብ ቤት ጋበዘችን። ጠረጴዛው መሃል ሾርባ ይንተከተካል፣ ሥጋው ይጠበሳል። ሽታው ብቻ ያሰክራል። እኔ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ሚንጂ በሁለት እጇ እያመለከተች "ይብሉ" አለችኝ።

ታዲያ ጨዋ ሰው አንዴ "ብላ" ስለተባለ ዘሎ ይገባል? "በልቼ ነው የመጣሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። አሁን "ኧረ በሞቴ!" ትለኛለች ብዬ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

ልጅቷ ግን አመነችኝ!

የበለጠው ደግሞ ወዲህ ነው። በእነሱ ሥርዓት ታላቅ ማንኪያ ካላነሳ ታናሽ አይበላም። እኔ እስኪለምኑኝ እጠብቃለሁ፤ እነሱ እኔ እስክጀምር ይጠብቃሉ። ሥጋው አረረ። ሾርባው መጠጠ። አስተናጋጇ እየመጣች ታየናለች፣ ትሄዳለች። በመጨረሻ ሁላችንም ጎንበስ ቀና ተባብለን፣ ተመሰጋግነን፣ ጦማችንን ወጣን። መኝታ ክፍሌ ገብቼ ደረቅ ብስኩት ስቆረጥም "ምን ዓይነት ስስታም ሕዝብ ነው!" እላለሁ። እነሱ ደግሞ ምን አስቀየምናቸው ብለው ሲጨነቁ አድረዋል።

ከዚያ የመጀመሪያው ማቅረቢያ ደረሰ። የኔ ድርሻ መግቢያው ብቻ ነበር። አጠር ያለች መግቢያ። እኔ ግን ስለ ቤተሰብና ስለ ሽምግልና ያነበብኩት ሁሉ አንዴ ትዝ አለኝና ከአዳም ጀመርኩ። ክፍሉ ፀጥ አለ። የሚያቋርጠኝ የለም። አስተማሪው ራሳቸው ልጄ ይሆናሉ፤ እጃቸውን አጣምረው ቆመው ያዳምጡኛል። እንዴት ያለ ሥነ ሥርዓት ነው እያልኩ ቀጠልኩ። የቡድናችን ሰዓት አለቀ። ከኔ በቀር ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ውጤቱ ሲመጣ የመውደቅ አፋፍ ላይ ነን። ተናደድኩ። ሚንጂን ኮሪደር ላይ አቁሜ "ለምን አቁሚ አላላችሁኝም?" አልኳት።

"ሃልሞኒ" አለችኝ፤ አያቴ ማለት ነው፤ "እርስዎን እንዴት አድርገን ነው አቁሙ የምንለው?" ይህን ብላ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ለካ የምትማረው በስኮላርሺፕ ነው። በሚቀጥለው ካልተካካሰ ስኮላርሺፑ ይቋረጣል። እኔ የምፈራው የጋሼ ታደለን ሳቅ ነው። ልጅቷ የምትፈራው ወደ መጣችበት ገጠር መመለስን ነው።

ምን ላድርግ? ንገሪኝ ብላት አትነግረኝም። ተቆጪኝ ብላት ጎንበስ ትልልኛለች። አንድ ነገር ግን አስተውዬ ነበር። ገበታ ላይ ማንኪያ የሚያሰልፈውና ውሃ የሚቀዳው ከሁሉም ታናሽ የሆነው ነው። በማግስቱ ሁሉንም ምሳ ጠራኋቸው። ገና ሳይቀመጡ ተነስቼ ማንኪያውን አሰለፍኩ። ውሃ ቀዳሁ። ሊነጥቁኝ ተረባረቡ፤ እምቢ አልኩ። "ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቡድን ትንሿ እኔ ነኝ" አልኳቸው። "ትንሿ አጥፍታለች። ምከሯት።"

ተያዩ። ሚንጂ ግራና ቀኝ አየች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

እኔማ "ትንሽ ረዘም አደረጉት" ብላ የምትተወኝ መስሎኝ ነበር። የት ትተወኛለች! አንድ ጥያቄ ስጠየቅ ሌላ እመልሳለሁ። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አርማለሁ፤ ደግሞ የማርመው ትክክል የሆነውን ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንኮራፋለሁ። የሌሎቹም አፍ ተፈታ። አንዱ ቀልዶቼን አይወድም። አንዷ ሳል ሲይዛት ዝንጅብል አፍልቼ በግድ ማጠጣቴን አትወድም። ይሄን ሁሉ ዘመን ፌርፋክስ ላይ አንድ ሰው ደፍሮ ያልነገረኝን በአንድ ሾርባ ጨረሱልኝ።

አለቀስሽ ወይ? ትሉኝ ይሆናል። ሾርባው ያቃጥል ነበር።

ደግነቱ እንደዚያ ቀን ጠግበን በልተን አናውቅም።

ንግግሬን ቆራረጡት። አዳም ወጣ፣ ኖኅ ወጣ፣ የግሪክ ሊቃውንት በሙሉ ወጡ። ቡና እስኪፈላ እንኳን የማይቆይ ነገር አስቀሩልኝ። ሚንጂ ሰዓት ይዛ አስጠናችኝ። ስሳሳት "እንደገና!" ትለኛለች፤ አይኗን ሳታሽ። ትንሿ አይደለሁ? እንደገና እላለሁ።

ቀኑ ደረሰ። ወጣሁ፣ የታዘዝኩትን ተናገርኩ፣ አበቃሁ። ሲያምር! ክፍሉ አጨበጨበ። ሚንጂ ልትቀጥል ብድግ ስትል አስተማሪው ወደኔ ጎንበስ አሉና "ሌላ ካለዎት እባክዎን ይቀጥሉ" አሉኝ።

የቡድናችን ልጆች ሰዓታቸውን አዩ።

"በቃኝ፣ አመሰግናለሁ" አልኩ።

"በእውነት ብንሰማዎት ደስ ይለናል" አሉ እንደገና።

አዳም ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። ሚንጂን አየኋት። ፊቷ ወረቀት መስሏል። "ኧረ በቃኝ" አልኩና ወንበሬን ያዝኩ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቁጭ አላልኩም። ግማሽ ቁመት ላይ ሆኜ ሦስተኛውን ልመና እጠብቅ ነበር። ደግመው ቢለምኑኝ ስኮላርሺፑንም ዲግሪውንም አላውቅም ነበር።

ሰውዬው ፊታቸውን ወደ ሚንጂ አዞሩና "ቀጣይ" አሉ።

አለፍን። ሚንጂ ትምህርቷን ቀጠለች። እኔም ይኸው ምሩቅ ነኝ፤ ጋሼ ታደለም "ኮንግራ" ብለውኛል፣ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው። ብቻ አንድ ነገር ልምከራችሁ። ኮሪያ ውስጥ ሽማግሌ ይከበራል የሚሏችሁን አትመኑ። ሰው እንዴት ሁለቴ ብቻ ለምኖ ይተዋል?