እምቢ መባል አይገባውም

[ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት። ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠችው እትዬ ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስትጽፍ የኖረች ናት። ከኋላዋ የቆመው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ሥራው መምህርነት፣ የሰፈር ስሙ «ሊቁ»። ለቋንቋ ጥናት ማስተርስ ሲያመለክት ይህ ሦስተኛው ነው። ማመልከቻ የሚዘጋው ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ነው።]

ሊቁ፦ አጥፊው! ነጠላ ሰረዝ ነው ያልኩሽ፤ አራት ነጥብ አላልኩም።

እትዬ፦ ወንድሜ፣ ዓረፍተ ነገሩ ትንፋሽ አጥሮት ሊሞት ነው። ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው።

ሊቁ፦ አንቺ ጻፊ እንጂ አታሳርፊ! አንብቢልኝ እስቲ።

እትዬ፦ [ታነባለች] «ቋንቋ የሰው ልጅ ዋነኛ የመግባቢያ መሣሪያ እንደመሆኑ መጠን...»

ሊቁ፦ አንጀት አያርስም?

እትዬ፦ ያርሳል። ሰኞ ለመጣው ልጅም ይህንኑ ነው የጻፍኩለት። ማክሰኞ ለመጡት ሁለት ልጆችም። አሁንማ ኮምፒዩተሩ «ቋንቋ» ስለው የቀረውን ራሱ ይጨርስልኛል።

ሊቁ፦ [ፊቱ ጠቆረ] ገልብጠው ነዋ!

እትዬ፦ ከማን?

ሊቁ፦ ከ... ከሐሳቤ።

እትዬ፦ ይሁን። ለመሆኑ ስንት ቋንቋ ትችላለህ?

ሊቁ፦ አንድ።

እትዬ፦ አንድ ብቻ? እንግዲያ የቀሩትን እዚያ ሊያስተምሩህ ነው።

ሊቁ፦ እትዬ ሙች፣ የቋንቋ ምሁር ማለት ብዙ ቋንቋ የሚለፈልፍ አይደለም! የቋንቋን ተፈጥሮ የሚመረምር ነው። ለምሳሌ ፎኖሎጂ የሚባል አለ።

እትዬ፦ እሱንማ አውቀዋለሁ። ከጎናችን ያለው ልጅ ስልክ ይጠግን የለ?

ሊቁ፦ የድምፅ ጥናት ነው፣ የድምፅ!

እትዬ፦ እንዲያ በለኝ። ድምፅ ማጉያ።

ሊቁ፦ [ራሱን ይዞ] ከግድግዳ ጋር ነው የማወራው!

እትዬ፦ አትቆጣ። ይልቅ ፎርሙ ላይ ክፍት ቦታ ተገኝቷል። «ሊያጠኑት ያሰቡት ጥያቄ» ይላል።

ሊቁ፦ እለፊው።

እትዬ፦ ካልተሞላ አላልፍም እያለ ነው።

ሊቁ፦ እኔ መልስ ያለኝ ሰው ነኝ! ጥያቄ ከየት አባቴ አመጣለሁ?

[አምናም ካቻምናም የወደቀው እዚህችው ክፍት ቦታ ላይ ነው። አምና «ሲገባ ይገለጻል» ብሎ ሞልቶ ነበር።]

እትዬ፦ በል እሱ ይቆየን። የጋሼን የድጋፍ ደብዳቤ ልጻፈው። [የድሮ አስተማሪውን የእጅ ጽሑፍ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ታነባለች] «ይህ ልጅ ትጉህ ነው። በየዓመቱ ያመለክታል። እምቢ መባል አይገባውም።»

[የመጨረሻዋን ቃል ያነበበቻት ላላ አድርጋ ነው፤ ስለ ደነዝ ተማሪ «ትምህርት አይገባውም» እንደሚባለው።]

ሊቁ፦ ምን? እምቢ ቢሉትም አይረዳም ነው የሚሉኝ?

እትዬ፦ እኔ ምን አውቄ፤ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት።

ሊቁ፦ ዕድሜ ልኬን «ጋሼ፣ ጋሼ» ስላቸው የኖርኩትን ሰውዬ! ቅደጂው!

እትዬ፦ ቆይ እንጂ። ላላ አድርጌ አንብቤው ይሆናላ። እስቲ ጠበቅ አድርገህ በለው።

ሊቁ፦ [ጠበቅ አድርጎ] «እምቢ መባል አይገባውም።» [ፊቱ እየበራ] አሃ! እምቢ ልባል የማይገባኝ ሰው ነኝ!

እትዬ፦ እንደሱም ይሆናል፣ እንደዚያም ይሆናል። ፊደሉ እንደሆነ ያው ነው።

ሊቁ፦ የትኛውን ብለው ነው ታዲያ?

እትዬ፦ ደውዬ ልጠይቃቸዋ። [ትደውላለች] ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? እኔ ነኝ፣ የሊቁ እህት። እዚህ ደብዳቤው ላይ «አይገባውም» ያሉት ጠብቆ ነው ላልቶ?... እ... እሺ ጋሼ። ዕድሜ ይስጥልኝ። [ዘጋች]

ሊቁ፦ ምን አሉ?

እትዬ፦ «ሁለቱንም ነው ያልኩት» አሉ።

[ሊቁ ባዶ ወረቀት የተከመረበት ካርቶን ላይ ቁጭ አለ።]

እትዬ፦ አትዘን፣ አንተስ ደውላ የምትጠይቅልህ እህት አለችህ። አምና አንዲት እናት «ልጄ ክፍል ውስጥ ይመታል» የሚል አቤቱታ አስጻፈችኝ። ልጇን እየደበደቡባት ነው፤ ስትነግረኝ ጠበቅ አድርጋ ነው ያለችው። ዳይሬክተሩ ላላ አድርጎ አነበበውና፣ «ሰው ትመታለህ!» ብሎ ያንኑ ምስኪን ልጅ አንድ ሳምንት አገደው። እናትየው ተመልሳ መጥታ እዚህ ወንበር ላይ አለቀሰች።

ሊቁ፦ ምን አደረግሽ?

እትዬ፦ «ሌሎች ልጆች ልጄን ይመቱታል» ብዬ እንደገና ጻፍኩላት። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ከሐሳቤ አልጠፋም። ሰው ሲያወራ አይሳሳትም፤ ጽሑፍ ላይ ነው መጥበቁ የሚጠፋው። እንግዲህ አንባቢ በምን ያውቃል? እዚህ ስንቱ ወረቀቱን ጮክ ብሎ ሲያነብ እሰማለሁ። አንዳንዱ የፈራውን ያነባል፣ አንዳንዱ የተመኘውን።

ሊቁ፦ [ብድግ አለ] ምን አልሽ? ድገሚው!

እትዬ፦ የቱን?

ሊቁ፦ «አንባቢ በምን ያውቃል» ያልሽውን! ክፍት ቦታው ላይ ጻፊው!

እትዬ፦ ይሄ እኮ የሱቅ ወሬ ነው።

ሊቁ፦ ጻፊ አልኩሽ! «እኔ ለረጅም ጊዜ ባደረግሁት ምርምር...»

እትዬ፦ [እየጻፈች] «...እህቴ እንደነገረችኝ...»

ሊቁ፦ እንደሱ አላልኩም!

እትዬ፦ ምን ላድርግ፣ እጄ አልታዘዝ አለ። ለአሥር አምስት ጉዳይ ሆኗል። እንከራከር ወይስ እንላከው?

ሊቁ፦ [ሰዓቱን አየ፣ እሷን አየ] ...ላኪው።

[ሦስት ሳምንት አለፈ። ሊቁ ጠዋት ለቃለ መጠይቅ ተጠርቶ ሄዷል። አሁን ከረባቱ ትከሻው ላይ ተጠምዝዞ እየሮጠ ገባ።]

ሊቁ፦ እልል በይ! ገባሁ!

እትዬ፦ እሰይ የኔ ጌታ! ዛሬውኑ ነገሩህ? ውጤት የሚወጣው በወሩ ነው ሲሉ ነበር።

ሊቁ፦ እሱ ለሌላው ነው! ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። ፕሮፌሰሯ ተነሥተው ያንን የማጥበቅና የማላላት ነገር ሰሌዳ ላይ እየጻፉ አብራሩልኝ። እኔም አንገቴን እየነቀነቅሁ ሰማኋቸው። ሲጨርሱ ዞር አሉና «ገባህ» አሉኝ።

እትዬ፦ ከዚያስ?

ሊቁ፦ ከዚያማ እጅ ነሣሁ፤ ሦስቱንም አንድ በአንድ ጨበጥኩ፤ «አላሳፍራችሁም» ብዬ ወጣሁ!

እትዬ፦ እነሱስ ምን አሉ?

ሊቁ፦ ደስታዬ ነክቷቸው መሰለኝ፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

እትዬ፦ [ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ቆሙ] ወንድሜ፣ «ገባህ» ሲሉህ መጨረሻው ላይ ድምፃቸው ወረደ ወይስ ከፍ አለ?

ሊቁ፦ አሁን ይሄ ምን ይሠራል? ገባህ አሉኝ፣ ገባሁ! «ገባህ» ነው ያሉኝ... «ገባህ»... [ድምፁን ከፍ አድርጎ] «ገባህ?»...

እትዬ፦ እ?

ሊቁ፦ [ካርቶኑ ላይ ዘጭ አለ] ከፍ አለ።

[የሱቁ ስልክ ጮኸ፤ ፎርሙ ላይ የተሞላው ቁጥር እሱ ነው። እትዬ አነሣችው።]

እትዬ፦ አቤት... አዎ፣ እህቱ ነኝ... እዚሁ አለ፣ ተቀምጧል... ኧረ ደህና ነው፣ ትንሽ ላብ ብቻ ነው... እሺ... እነግረዋለሁ። [ዘጋች]

ሊቁ፦ ጨረሱኝ?

እትዬ፦ ጭራሽ ወደውሃል! ሦስቱም ፈታኞች እስካሁን ከወንበራቸው አልተነሡም። «ተመልሶ እንዴት እንደሰማው ይንገረን፤ እንዲህ ያለ ምሳሌ በእግራችን ዞረን አላገኘንም» ብለዋል።

ሊቁ፦ [ከረባቱን እያስተካከለ] እሱንማ ቁጭ አድርጌ አስረዳቸዋለሁ! ሌላስ ምን አሉ?

እትዬ፦ [ሹራቧን ከሚስማሩ ላይ አውርዳ እየለበሰች] «አስተርጓሚ ይዞ ይምጣ» ብለዋል። በል ቅደም፣ በሩን ልዝጋ።