የቀበሌያችን የመጀመሪያው ተቃውሞ

ሰው ማመስገን የሚጀምረው ሊቀርበት ሲል ነው። ውኃ ሲሄድ ውኃን፣ መብራት ሲጠፋ መብራትን ያመሰግናል። እኔም እትዬ ማርታን ማመስገን የጀመርኩት፣ የቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚቶች ሥራ ሊያቆሙ ነው የሚል ወሬ የሰማሁ ዕለት ነው።

ዘመኑ የደርግ፣ ከተማዋም ያኔ አዋሳ የምንላት ሀዋሳ ናት። እኔ ታይፒስት ነኝ፤ ባለቤቴ በመንገድ ሥራ ገጠር ለገጠር ይዞራል። ሚሚን፣ ልጄን ማለቴ ነው፣ ከእትዬ ማርታ ሌላ የምተውበት የለኝም። ልጅ የሚይዝልኝ አጣሁ ብዬ ከሥራ ብቀር አለቃዬ አሻጥር ነው የሚሉት። ይዣት ብሄድስ? ሚሚን አታውቋትማ! የጽሕፈት መኪናዬን በአንድ ጠዋት ታወላልቀዋለች።

ታዲያ ሞግዚቶቹ ምን ጎደለባቸው? እውነቱን ለመናገር ያስመረርናቸው እኛው ነን። ከሥራ ወጥተን ልጆቻችንን በመውሰድ ፈንታ ቀበሌ ስብሰባ እንገባለን፤ መቅረት የማይታሰብ ነው። ጓድ ሊቀመንበር አንዴ ማይክ ከያዙ ደግሞ የሐይቁ ትንኝ ራቱን በልቶ እስኪጠግብ አይለቁም። እስከዚያ እትዬ ማርታ ሚሚን አዝለው በር ላይ ይቆማሉ፤ የራሳቸው ልጆች ቤት ውስጥ ራት ይጠብቃሉ። ስለዚህ ግማሽ ሆዴ «እሰይ፣ አቁሙ!» ሲል፣ ግማሹ «ኧረ በማርያም!» እያለ ይለምናል።

ያኔ ሥራ ማቆም እንዲህ ቀላል ነው እንዴ? አድማ የሚለው ቃል ራሱ ያስበላል። እትዬ ማርታ ግን ዘዴ አላጡም። ሞግዚቶች ልጅ ስለሚጠብቁ ከስብሰባ ነፃ ነበሩ፤ አንድ የስብሰባ ቀን ሕፃናቱን በሙሉ አሰልፈው አዳራሹ ውስጥ ከች አሉ። «ንቃታችን ወደ ኋላ ቀረ፤ እኛም እንንቃ ብለን ነው» አሉ። ንቃትን ማን ይከለክላል?

ጓድ ሊቀመንበር ነገሩ ገብቷቸዋል። ሞግዚቶች እስኪመሽ መቆየታቸው አብዮታዊ ግዴታ ነው ብለው፣ የሚደግፍ እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ። የሁሉም እጅ ወጣ። የኔም ወጣ፤ ያኔ እጄ እኔን ሳያማክር ነበር የሚወጣው። «የሚቃወምስ?» አሉ ለወጉ ያህል።

ሚሚ እጇን አወጣች! ቀጥሎ ጎኗ ያለው፣ ከዚያ ሕፃናቱ በሙሉ። እኔ «አውርጂ!» እያልኩ በዓይኔ ለመንኳት። ጓድ ሊቀመንበር የተቃውሞዋን ምክንያት እንድታስረዳ ጠየቋት። ሚሚም ብድግ ብላ «ሽንቴ መጣ» አለች። ለካ እትዬ ማርታ ያስተማሯቸው እንደዚያ ነው፤ ሽንት የያዘው እጁን ያወጣል፣ አንዱ ካወጣ ደግሞ ሁሉም ይመጣበታል።

የአዳራሹ ሳቅ ጓድ ሊቀመንበርንም ሳይወዱ አሳቃቸው። ስብሰባው በዚያው ተበተነ፤ ከዚያ ወዲህም ፀሐይ ሳትጠልቅ መበተን ለመደ። አለበለዚያ ሞግዚቶቹ እንደገና ሊነቁ ነዋ! እግዜር ይስጣቸው፣ እኔም ሥራዬን አላጣሁ፣ እትዬ ማርታም በጊዜ ቤታቸው መግባት ጀመሩ።

በዚያ ዘመን ተቃውሞ መርታ በሰላም ቤቷ የገባች የኔ ልጅ ብቻ ትመስለኛለች። ያውም እትዬ ማርታ አዝለዋት፣ እሷም ጀርባቸውን አርሳው። በሀፍረት ይቅርታ ስጠይቃቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ምን ታድርግ ልጄ፣ ስብሰባው ረዘመባት።»