አርባ አንደኛዋ ሰው

ለአንድ ወቅት ብቻ የሚቀጠር የተፈጥሮ አስተማሪ ያላጋጠመው ሰው ካለ፣ ወይ ትምህርት ቤት አልገባም፣ ወይ አውቶቡስ አልነዳም። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሲደርቅ ከየት መጡ ሳይባል ብቅ ይላሉ። ኮፍያቸው ሰፊ ነው፤ ጫማቸው ከባድ ነው፤ ሰው ሁሉ እያዛጋ በሚነሳበት ሰዓት እነሱ ሲስቁ ይገኛሉ። አራት ወር ሙሉ የሰውን ልጅ ከጫካ ጋር ለማስታረቅ ደፋ ቀና ይላሉ። የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ደግሞ ኮንትራታቸው ያልቅና ደብዛቸው ይጠፋል። የቀረውን ስምንት ወር የት እንደሚውሉ የሚያውቅ የለም፤ የሚጠይቅም የለም።

ሾፌሩም ሰባት ዓመት ሙሉ አልጠየቀም። የእሱ ሥራ ተማሪዎችን ከከተማ አሳፍሮ ጫካው በር ድረስ ማድረስ፣ ከሰዓት በኋላ ጭቃቸውን ተሸክሞ መመለስ ነው። ለእሱ የደረሰችው አስተማሪ ከመሰሎቿ ሁሉ የባሰች ነበረች። በሌለችበት «ሚኒስትሯ» ይላታል። ሰላም ሲሆኑ «አንቺ ልጅ» ይላታል። ሲናደድ ግን አንቱ ይላታል፤ በአንድ የሥራ ቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ አንቱ ትባላለች።

«ክብርት ሚኒስትር፣ ዛሬም አውቶቡሴን የአፈር መጋዘን ሊያደርጉት ነው?»

«ጋሼ፣ አፈር ብቻ እኮ አይደለም። ቤት ነው።»

ለእሷ ቤት ያልሆነ ነገር የለም። የወደቀ ግንድ ቤት ነው፣ የተገለበጠ ድንጋይ ቤት ነው፣ ሾፌሩ ጎማ ሊያጥብበት የፈለገው ኩሬም የሆነ ሰው ቤት ነው። «አይነካም፣ ቤቱ ነው!» የሚለው ጩኸቷ ከጆሮው ስለማይወጣ አንዳንድ ቀን የገዛ ቤቱን በር እንኳ በቀስታ ይከፍታል።

ሱሪዋ አሥራ አንድ ኪስ አለው። ሾፌሩ ቆጥሮታል፤ ምክንያቱም ጠዋት ጠዋት የመንገደኞች ቅጽ ላይ ለመፈረም እስክሪብቶ ስትፈልግ አሥራ አንዱንም በተራ ትፈትሻለች። የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይወጣል፣ ላባ ይወጣል፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ቁልፍ ይወጣል። እስክሪብቶ አይወጣም። በየቀኑ አንድ ጫካ ውስጥ ትጥላለች። በሰባት ዓመት ውስጥ ጉንዳኖቹ መጻፍ ሳይለምዱ አልቀሩም።

አንድ ቀን ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ግራጫ ድብልብል ነገር ተቀምጦ አገኘ። ቁርሱን እየበላ ነበር፤ ዳቦ በያዘበት እጅ አንስቶ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጣለው።

«ጋሼ፣ እዚህ ያስቀመጥኩት ጉጉት የተፋችው ነገርስ?» አለች ስትመጣ።

«ማን የተፋችው?»

«ጉጉት። ውስጡ የአይጥ ራስ ቅል አለ እኮ! ለልጆቹ ላሳይ ነበር።»

ሾፌሩ የቀረውን ዳቦ ቀስ ብሎ ወረቀቱ ውስጥ መልሶ ጠቀለለው። ክብርት ሚኒስትር እስከ ትከሻቸው ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ገብተው ሀብታቸውን ይዘው ወጡ፤ ያን ቀን ከሁሉም ሰው ይበልጥ ደስተኛ እሳቸው ነበሩ።

ስለ ኤሊዋ ካልተነገረ ግን ምንም አልተነገረም። አንዲት ኤሊ መንገድ ልታቋርጥ ጀምራ መሐል ላይ ሐሳቧን ለወጠች። አስተማሪዋ አውቶቡሱን አስቁማ ሠላሳ ስምንት ልጆች አወረደችና ጠርዝ ላይ ደረደረቻቸው። ከኋላ የመጣ ከባድ መኪና ክላክሱን ነፋ። ዓይኗን በጨው አጥባ ሄዳ በመስኮቱ አነጋገረችው። ሾፌሩ በስፖኪዮው እያየ «አሁንስ ሰው አገኘች፤ ልክ ልኳን ይነግራታል» አለ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያ ደረቱ እንደ በርሜል የሆነ የከባድ መኪና ሾፌር ኮፍያውን አውልቆ ከልጆቹ ጋር አጎንብሶ ነበር። «አንድ ደቂቃ ዝም እንበል» ብላዋለች። ይህች ቃል የማታስቆመው ሰው የለም። ራሷ ግን ዝም የምትለው በዚያች አንድ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ስልሳኛዋ ሰከንድ ሳትሞላ የኤሊ ድንጋይ ከጎድን አጥንቷ እንዴት እንደሚሠራ መናገር ትጀምራለች።

ይህ ሁሉ ይቻላል። ሾፌሩን የሚያሳብደው ቆጠራው ነበር።

መሥሪያ ቤቱ በሰጠው ቅጽ ላይ የተሳፋሪ ሁሉ ቁጥር ይሰፍራል፤ ሠላሳ ስምንት ተማሪ፣ አንድ የክፍል መምህር፣ አንድ ሾፌር፣ አንድ የተፈጥሮ አስተማሪ፤ ድምር አርባ አንድ። ከጫካ ሲወጡ አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱን ራስ በእጇ እየነካች ትቆጥራለች። የሾፌሩንም መላጣ ትነካለች። ከዚያ ፊቷ ዓመድ ይመስላል።

«አርባ! አንድ ሰው ጎደለ! ጋሼ፣ ሞተሩን ያጥፉት!»

«ራስዎን ይቁጠሩ፣ ክብርት ሚኒስትር።»

«ውይ!» ትላለች። ትስቃለች። በማግስቱ ትደግመዋለች። የራሷን ራስ የሚነካ እጅ ስለሌላት ይሁን ወይም ሌላ፣ በሰባት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ራሷን አስባ አታውቅም።

በየወቅቱ የመጨረሻ ቀን አንድ አፈ ሰፊ የመስታወት ጠርሙስ ታስረክበዋለች። ውስጡ አፈር፣ የረገፈ ቅጠልና ጥቂት የመሬት ትሎች አሉ። ቅጠል እንዴት አፈር እንደሚሆን ለልጆቹ የምታሳይበት ነው።

«ጋሼ፣ አደራ። የተከራየሁት ክፍል ባለቤት ቆሻሻ መስሏቸው ያለፈውን ደፉብኝ። በሳምንት አንድ ማንኪያ ውኃ፤ ፀሐይ አይንካው።»

«እኔ የትል ሞግዚት ነኝ?»

«ለአዲሱ ወቅት እንመለሳለን፤ ከጠሩን።»

ከጠሩን የምትለውን ሾፌሩ እንደ ቀልድ ነበር የሚሰማው። ከወቅቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ደብዳቤ ይደርሳታል፤ ትመጣለች፤ በቃ። ጠርሙሱን በነጋታው እንደሚደፋው ለሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ ይምላል።

ባለፈው ክረምት ታዲያ ልጁ ደብተር አዞት አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገባ። ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጀርባ አንዲት ሴት ቆማለች። ጸጉሯ ተበጥሮ ተይዟል፤ ቀሚሷ አንድም ኪስ የለውም። ደንበኛው ወረቀት ይሰጣታል፣ ትቀዳለች፣ ትመልሳለች። ቃል አይወጣትም። ሾፌሩ ተራው ደርሶ ፊት ለፊት ሲቆም ነው ያወቃት፤ እሷም ያን ጊዜ አየችው።

«ጋሼ» አለች በቀስታ። ድምፅዋ ከማሽኑ በላይ አልሆነም።

ሰባት ዓመት ዝም በይልኝ ብሎ የተማጸነው ሰው፣ ዝም ስትል ማየት አልቻለም። ደብተሩን ረስቶ ሦስት እስክሪብቶ ገዝቶ ወጣ። መንገድ ላይ እስክሪብቶዎቹን አይቶ በራሱ ተናደደ፤ እቤት ሲደርስ ልጁም ተናደደበት።

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል የስምሪት ሠራተኛዋ የወቅቱን ዝርዝር ሰጠችው። መስመሩ አለ፣ ትምህርት ቤቶቹ አሉ፣ የእሱ ስም አለ። ተማሪ ሠላሳ ስምንት፣ መምህር አንድ፣ ሾፌር አንድ። ድምር አርባ።

«ይቺ ዝርዝር ተሳስታለች።»

«አልተሳሳተችም። ዘንድሮ አስተማሪ የለም። አውቶቡሱ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ይገጠማል፤ ማብራሪያው ተቀድቶ አልቋል። አንተ ቁልፉን ትጫናለህ።»

«እሰይ!» አለ ሾፌሩ። «ተገላገልኩ!»

ሌላው ሾፌር ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አለው። ቀኑን ሙሉ ተገላገልኩ እያለ ዋለ፤ እቤቱ ሲገባ ግን ፊቱ እንደ ቋጥኝ ነበር። ሻይ ቀረበለት፤ አልነካውም።

«ምነው ከፋህ?» አለች ሚስቱ።

«ማን ከፋው? ተገላግያለሁ አልኩሽ። ሁለተኛ አትመጣም።»

«እንዲያ ከሆነ» አለችና ሚስቱ ከመስኮቱ ሥር፣ ጥላ ካለበት ጥግ፣ ጠርሙሱን አነሳችው። «ይሄን ልድፋውና ቦታው ይለቀቅ። ስድስት ትሎች ይዘህ…»

«አስቀምጪው! ቤቱ ነው!»

ሾፌሩ ራሱ ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር አለ። ሚስቱ ጠርሙሱን ቦታው መልሳ እስክትጨርስ ሳቋን ይዛ ነበር፤ ከዚያ አልቻለችም።

«በየሳምንቱ በማንኪያ ስታጠጣው የማላይ መስሎሃል? እኔ ጉንፋን ሲይዘኝ እንኳ እንዲህ አልተጨነቅክልኝም። ሂድና ንገራቸው።»

«ለእነማን?»

«ላጎደሏት ሰዎች።»

በነጋታው ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ የመርሐ ግብሩ ኃላፊ ቢሮ ገባ። ሌሊቱን ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። ወንበር ላይ ሲቀመጥ አንድ ቃል አልቀረለትም።

«ስለ ዝርዝሩ ነው የመጣሁት» አለ። «አንድ ሰው ጎድሏል።»

ኃላፊው ወረቀቱን አውጥተው በጣታቸው ወረዱበት። «ሠላሳ ስምንት፣ አንድ፣ አንድ። አርባ። ልክ ነው።»

«አርባ አንድ ነው፣ ጌታዬ። ሰባት ዓመት አርባ አንድ ነበርን።»

«አስተማሪዋን ነው የሚሉኝ? ማብራሪያው እኮ አልቀረም። እንዲያውም ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው እጃቸውን ወደ ጠርሙሱ ክዳን ዘረጉ።

«አይንኩት» አለ ሾፌሩ፤ ከዚያ ከየት መጣ ሳይባል ያቺ ቃል ከአፉ ወጣች። «አንድ ደቂቃ ዝም እንበል።»

ኃላፊው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ጸሐፊዋ መጻፏን አቆመች። ሦስቱም ጠርሙሱ ላይ አጎነበሱ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቶ አንዲት ትል ከአፈሩ ጫፏን አወጣች፤ ቡናማውን ቅጠል ዳሰሰች፤ ጠርዙን ይዛ ወደ ታች መጎተት ጀመረች።

«ልትበላው ነው?» አሉ ኃላፊው፣ በሹክሹክታ።

«አሁን አይደለም። ቤቷ አስገብታ እስኪለሰልስ ትጠብቃለች።»

«ይህን ከየት አወቁ?»

«ከእሷ ነዋ። ጌታዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ድምፅ ማጉያ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን አጠፋው ነበር። እሷን ማጥፊያዋን አጥቼ ነው ሰባት ዓመት የሰማሁት። ልጆቹም እንደኔ ናቸው፤ ማጥፊያ ያለው ነገር ከሰጠናቸው ያጠፉታል።»

ጸሐፊዋ ሳቀች። ኃላፊው አልሳቁም። «አስብበታለሁ» አሉ። ይህ ቃል ቢሮ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ሾፌሩ ያውቃል። ጠርሙሱን መልሶ ጠቅልሎ ወጣ፤ ለሚስቱም ለማንም ምንም አልተናገረም። ያን ሳምንት ትሎቹን ሁለቴ ውኃ አጠጣቸው።

ወቅቱ በተከፈተበት ጠዋት አውቶቡሱን ወደ ትምህርት ቤቱ በር ሲያዞር ከልጆቹ ሰልፍ በላይ አንድ ሰፊ ኮፍያ አየ። ወዲያው ፊቱን አጨፈገገ።

«ጋሼ! ደብዳቤው ዘገየብኝ እኮ! ሦስት ቀን ሲቀረው ደረሰኝ። ዘንድሮስ ረሱኝ ብዬ ነበር።»

«መቼ ይረሱሻል። ግቢ፣ መንገድ ዘግተሻል።»

ዳሽቦርዱ ላይ ጠርሙሱን አየች። አንስታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። «አልደፉትም!»

«ዘንግቼው ነው።»

«እርጥብ ነው እኮ!»

«የአውቶቡሱ ጣሪያ ያፈሳል።»

ቅጹን ለመፈረም አሥራ አንዱን ኪስ መፈተሽ ስትጀምር ሦስት እስክሪብቶ ዘረጋላት፤ ተሳፋሪ ረስቶት የሄደ ነው አለ። ዓይታ አወቀቻቸው። የሸጠችው ራሷ ነበረች። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ተወችው።

ያን ቀን ጫካው ውስጥ የሆነው እንደ ወትሮው ነው። አንድ ልጅ ኩሬ ውስጥ ገባ፤ አንዲት ልጅ ጉንዳኖቹን ጥላ አልሄድም ብላ አለቀሰች፤ ከእስክሪብቶዎቹ አንዱ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ተሳፈሩ። አስተማሪዋ ከኋላ ወንበር ጀምራ ራስ በራስ እየነካች መጣች። የመምህሩን ነካች። የሾፌሩን መላጣ ነካች። ፊቷ ዓመድ መሰለ።

«አርባ!» አለች። «ጋሼ፣ አንድ ሰው ጎደለ!»

ሾፌሩ እንደ ልማዱ አንቱ ሊላት አፉን ከፍቶ ነበር። አልወጣለትም። በስፖኪዮው አያት፤ ኮፍያዋ ላይ ቅጠል ተጣብቋል፤ ጣቷ አሁንም አየር ላይ ነው።

«አልጎደለም፣ ልጄ» አለ። «አንቺን እኔ ቆጥሬሻለሁ። ተቀመጪ።»

ሞተሩን አስነሳ።