የእንቁላል መርማሪው ጋሽ ወልደአማኑኤል

በየትኛውም ገበያ፣ ሻጩ ሁሉ ከሩቅ ሲያየው «መጣ!» የሚባባልለት አንድ እንቁላል መርማሪ አይጠፋም። የቡታጅራው ክቡር ጋሽ ወልደአማኑኤል ናቸው።

ከመናኸሪያው ጀርባ ዶሮና እንቁላል የምትሸጠው ከድጄ ጠባያቸውን ለምዳዋለች። እንቁላሉን ወደ ፀሐይ አንስተው ያያሉ፤ ጆሯቸው ሥር ይነቀንቁታል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል።

«እናቱ ምን በላች?»

«ጥሬ ነዋ፣ ጋሼ! ጓሮ ለጓሮ እየጫረች።»

«የማን ጓሮ?»

«የሃፊዛ።»

«ሃፊዛ መኖ አትገዛም?»

«ወላሂ አትገዛም! ለራሷስ መቼ ገዛች!»

«የፈረንጅ እንቁላል አስኳሉ ውሃ ነው» ይላሉ በመጨረሻ፣ ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ። ከዚያ አራት ይገዛሉ። ሚስታቸው እትዬ አበባ ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል፤ እሳቸው ግን አሁንም የሚገዙት ለሁለት ሰው ነው። ከድጄ ይህን ነገር አንድም ቀን አንስታባቸው አታውቅም።

ሁዳዴ ሲገባ እንኳ አይቀሩም። «ጋሼ፣ ጾም አይደለም እንዴ?» ስትላቸው፣ «እኔ እንጂ ዓይኔ አይጾምም» ብለው ሃምሳ አምስቱን ቀን ሳይገዙ ይመረምራሉ።

ባለፈው ወር ልጃቸው ሩቲ ከአዲስ አበባ መጣች። «አባዬ ለጤናው ብሎ የሀበሻ እንቁላል ፍለጋ ፀሐይ ላይ ከሚንከራተት፣ እቤቱ ይጣሉለት» ብላ ከከድጄ ሦስት ዶሮ ገዛች። ከድጄም የሚጥሉትን መርጣ ሰጠቻት።

ከዚያ ጋሼ ጠፉ። ገዢው ሁሉ ዝም ብሎ ከፍሎ ይሄዳል። እንዴት ያለ ሰላም! ከድጄ ግን ሰላሙ አልተስማማትም። መንገድ መንገዱን ስታይ ትውላለች።

በዘጠነኛው ቀን መጡ። ፊቷ ቆሙ እንጂ አንድም እንቁላል አላነሱም።

«ዶሮዎቹ እንዴት ናቸው፣ ጋሼ?»

«አይጥሉም» አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

ጎረቤታቸው ዛህራ ትናንት ለከድጄ ነግራታለች፦ በጋሼ በረንዳ አንድ ሳህን ሙሉ እንቁላል ተቀምጧል፣ የሚበላው ግን የለም።

ከድጄ ሸቀጧን በገዛ አፏ አጥላልታ አታውቅም።

«ገና ናቸዋ!» አለች ጮክ ብላ። «ደግሞ ሰነፍ ዘር ናቸው፣ ጋሼ። ለመስቀል ከጣሉም ትልቅ ነገር ነው። እስከዚያ ምን ይደረግ፣ መመላለስ ነው እንጂ!»

ጋሼ ቀና አሉ።

«አንቺ! እንዲህ ያለ ዶሮ ለሰው ይሸጣል?»

ባዶ ሳጥን ገልብጣ ሰጠቻቸው። ተቀመጡና እስከ ምሳ ሰዓት ወቀሷት።