ትርፍ ጥላ

የሽሮ ሜዳ ዝናብ ሰዓት ያውቃል። እውነቴን ነው። ጠዋት ፀሐይ ነው፤ ልብስ አጥበህ ብታሰጣ ይደርቃል። ከቀትር በኋላ እንጦጦ ትጠቁራለች። ዝናቡ ግን ወዲያው አይወርድም፤ ይጠብቃል። ምን ይጠብቃል? የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራ እስኪወጣ ነዋ! ልክ አውቶቡሱ መጨረሻው ፌርማታ ደርሶ ሰውን ማራገፍ ሲጀምር፣ እሱም ያለውን ሁሉ ያራግፋል።

ያን ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ያ የመጀመሪያው አስጨናቂ ጊዜ አለፍ ብሎ ሰው ትንሽ ትንሽ መሳቅ የጀመረበት፣ ግን ከመሳቁ በፊት ግራ ቀኙን የሚያይበት ጊዜ።

አንድ ቀን ከአውቶቡስ ወርጄ እንደ ወትሮዬ አንድ የጋቢ ሱቅ ቆርቆሮ ሥር ተጠለልኩ። ሰዉ ከግድግዳው ጋር ተለጥፏል። ሥራ ስለሌለኝ ቆጠርኩት። አርባ ሦስት ሰው! ከአርባ ሦስታችን ጥላ የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሰውዬው ጥላውን ዘርግቶ ከመሃላችን ሲወጣ እንዴት እንደተጀነነ ብታዩ! ጥላ ያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም፤ የተገኘውም ውድ ነው። ታዲያ ብስክሌት ይከራያል። የድግስ ወንበር ይከራያል። የሙሽራ ቬሎ እንኳ ይከራያል። ጥላ ምን አደረገ?

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለጥሩነሽ ነገርኳት። ጥሩነሽ አስተማሪ ናት፤ ጥያቄ ታውቅበታለች።

«ባይዘንብስ?» አለችኝ።

«ሽሮ ሜዳ? በሐምሌ?» አልኳት።

በዚህ እኔ ረታሁ። ቀጠለችና፣ «ስንት ጥላ አለህ?» አለችኝ። በዚህ ደግሞ እሷ ረታች። አንድም ጥላ አልነበረኝማ።

የነበረን ነገር ቢኖር እቁብ ደርሶን ለጣራችን ቆርቆሮ መግዣ ያስቀመጥናት ገንዘብ ናት። ሁለት ሳምንት ለመንኳት። በመጨረሻ ግማሿን ሰጠችኝ። ጣራው ካፈሰሰ ግን በሚያፈስበት በኩል የምትተኛው አንተ ነህ አለችኝ። ተስማማን። ይህ የመጀመሪያው ውሌ ነው።

መርካቶ ወረድኩ። ገንዘቡ ለአራት አዲስ ጥላ ብቻ በቃ። በተረፈው የተሰበሩ ሰባት ጥላዎች ገዛሁና ቀጨኔ ወደ ጋሽ ፈለቀ ወሰድኳቸው። ጋሽ ፈለቀ መንገድ ዳር ተቀምጠው ጥላና ጫማ የሚጠግኑ፣ ከአፋቸው ክር የማይለይ ሽማግሌ ናቸው። ጥላዎቹን አንድ በአንድ ከፍተው አዩና እንደ ሐኪም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ብረቱን አቀናልሃለሁ። ጥቁር ጨርቅ ግን ከየት ይምጣ?»

እውነታቸውን ነው፤ ጥቁር ጨርቅ ጠፍቶ ነበር። በዚያ ዘመን የማይጠፋው ቀይ ጨርቅ ነው። አንዷን ጥላ ከበዓል በተረፈ የመፈክር ጨርቅ ጠገኗት። ልወስዳት ስመጣ አየኋት። ጀርባዋ ላይ በነጭ ቀለም «ይውደም!» ይላል። ማን እንደሚወድም የሚናገረው ክፍል ተቆርጦ ቀርቷል።

«ጋሽ ፈለቀ፣ ጽሑፍ አለበት እኮ!» አልኳቸው።

«ዝናብ ማንበብ አይችልም» አሉኝ።

በዚህ ዓይነት ባለ ዐሥራ አንድ ጥላ ነጋዴ ሆንኩ።

አሁን መያዣው። ሰው ጥላዬን ይዞ ቢጠፋስ? አሰብኩና አንድ ብልሃት መጣልኝ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ሳስበው የሚያንገበግበኝ ብልሃት። የቀበሌ መታወቂያቸውን ይስጡኝ አልኩ። ያለ መታወቂያ ማን ደፍሮ ከተማ ይወርዳል? ስለዚህ በማግስቱ ማለዳ ጥላዬን አምጥተው መታወቂያቸውን ይወስዳሉ። አያችሁ እንዴት እንደተራቀቅኩ?

የመጀመሪያው ቀን ለእኔ እንደ ሠርግ ነበር። ዝናቡ አላሳፈረኝም። «ጥላ በስሙኒ! ጥላ በስሙኒ!» ስል ሰዉ መጀመሪያ ያበድኩ መሰለው። ቀጥሎ ግን ተጋፋብኝ። ዐሥራ አንዱም ጥላ በዐሥራ አንድ ደቂቃ አለቀ። አንዲት ታይፒስትና አንድ አስተማሪ በአንድ ጥላ ተጣሉ፤ ቀድሜ የያዝኩት እኔ ነኝ ተባባሉ። ኋላ ሁለቱም ወደ ቀጨኔ እንደሚሄዱ ታወቀና አብረው ይዘውት ሄዱ። ጥላ ያልደረሳቸው ደግሞ፣ «ነገ ትመጣለህ ወይ? ለእኔ አንድ አስቀምጥልኝ» እያሉ ይለምኑኛል። እኔን! የመዝገብ ቤቱን ሰውዬ!

በደስታ ብዛት ለራሴ አንድም ሳላስቀር ሁሉንም አከራይቼ ስለነበር በስብሼ ቤቴ ገባሁ። ጥሩነሽ በሩን ከፍታ አየችኝና፣ «ባለ ጥላው መጣህ?» አለችኝ።

በማግስቱ ማለዳ ጥላዬን ልቀበል ፌርማታው ላይ ቆምኩ። ፀሐይዋ ልብ ታሞቃለች። አንዲት ደመና እንኳ የለችም። ቀድማ የተመለሰችው ቀይዋ ናት። የወሰዳት ሰውዬ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አመጣና እጄ ላይ ጥሏት ሮጠ። ሌሎቹስ? ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን እየሳቁ መጡ።

አንዱን፣ «ጥላዬስ?» አልኩት።

«ቤት ነው። ዛሬም ይዘንባል አይደል? ማታ መልሼ ለምከራየው ነገር ምን አመላለሰኝ?» አለኝ።

«መታወቂያህስ?»

«ለከተማው የመሥሪያ ቤቴ አለኝ። የቀበሌዬ አንተ ዘንድ ይሻላል፤ አይጠፋም።»

ይታያችሁ! የእኔን ብልሃት ወስዶ ኪሱ ከተተው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተማርኩ። እኔ ስለ ደንበኛዬ ሁለት ሳምንት ሳስብ፣ ደንበኛዬ ደግሞ ስለ እኔ አንዲት ሌሊት አስቦ በለጠኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ጥላ ማከራየት መሆኑ ቀርቶ ጥላ ማሳደድ ሆነ። በምሳ ሰዓት ከመሥሪያ ቤት እየጠፋሁ በየቤቱ እዞራለሁ። ነጠላ ሻጯ እትዬ ወርቄ ጥላዬን መደባቸው ላይ ተክለው ነጠላዎቻቸውን ከፀሐይ አስጠልለዋል።

«እትዬ፣ ለዝናብ እኮ ነው ያከራየሁት» ብላቸው፣

«ታዲያ እስኪዘንብ ምን ያድርግ ልጄ? ሥራ ይፍታ?» አሉኝ።

ሻንካ የሚባለው ሸማኔ ጋ ሄድኩ። ሻንካ እኩያዬ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከጋሞ መጥተው ሽሮ ሜዳ የከተሙ ናቸው። ጣራው ያፈሳል። ጥላዬን በገመድ ከማገሩ ላይ አስሮ በመሸመኛው ላይ ዘርግቶታል። ከሥሩ ገና ያላለቀ ጋቢ አለ።

«ወንድሜ፣ ለሙሽራ የታዘዘ ነው» አለኝ። «ጥላህን ካወረድከው ውሃው ድሩ ላይ ነው የሚወርደው። እስኪያልቅ ታገሰኝ።»

ምን ልበል? ጣራው የሚያፈስ ሰው ችግር ጠፍቶኝ ነው? እኔም ቤት ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል። ተሰናብቼው ወጣሁ።

ሐሳቤ ትክክል ነበር። ዛሬም እከራከራለሁ። ያነሰው ጥላው ነው። መቶ ጥላ ቢኖረኝ ሃምሳው በሰው ቤት ቢከርም በሃምሳው እሠራለሁ። በዐሥራ አንድ ግን ዐሥሩ ሰው ቤት ሲቀር በእጅህ የምትቀረው አንዲቷ ናት። እሷም ቀይዋ! ባንክ ሄደህ ብድር ለምን አልጠየቅክም ትሉኝ ይሆናል። «ለምን?» ሲሉኝ «ለጥላ» የምልበት ፊት ከየት ላምጣ?

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ቀይዋን ጥላ ይዤ ፌርማታው ላይ ቆሜ ሳለ ፍተሻ መጣ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ሰውን አሰልፈው መታወቂያ ይጠይቃሉ። እኔ ምን ገዶኝ? መታወቂያ አለኝ። ኪሴ ገባሁና አውጥቼ ሰጠሁት። ጠባቂው አየው፣ አየኝ።

«ወይዘሮ ወርቄ ነህ?» አለኝ።

ሌላ አወጣሁ። የሻንካ ነው። ሌላ አወጣሁ። የታይፒስቷ ነው። ጠባቂው ራሱ እጁን ኮቴ ኪስ ውስጥ ሰደደና የቀረውን ዘርግፎ አወጣ። በዚያ ዘመን የዐሥር ሰው መታወቂያ በአንድ ሰው ኪስ! ቦምብ ቢያገኝ ይሻለኝ ነበር።

«የማን ነው ይሄ ሁሉ?»

በድንጋጤ ምላሴ ተሳሰረ። «የጥላ ተከራዮቼ» ልል ፈልጌ፣ «የጥላ... ተ... ተ...» አልኩ።

«የጠላት?!» አለኝ።

«ኧረ የጥላ! የጥላ!» እያልኩ በእጄ የያዝኩትን ጥላ ላሳየው ዘረጋሁት። ምን አለ እጄ በተሰበረ! «ይውደም!» የሚለው ጽሑፍ በሰው ሁሉ ፊት ወለል ብሎ ታየ። ሰልፈኛው ሁሉ ሌላ ሌላውን ማየት ጀመረ።

«ማን ነው የሚወድመው?» አለኝ ጠባቂው በቀስታ።

እኔ ምን አውቄ!

ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወስደው አንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። አሁን እየሳቅኩ ነው የማወራችሁ። ያን ቀን ግን አልሳቅኩም። «ለጥቂት ደቂቃ እንፈልግሃለን» ተብለው ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች ከእኛው ሰፈር አውቃለሁ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ስለ ንግድ አይደለም። ጥሩነሽ ምን ትሆናለች ነበር።

ጥሩነሽ ግን ቁጭ ብላ አልጠበቀችም። ወሬውን እንደሰማች ነጠላዋን አጣፍታ የተከራዮቹን ቤት ዞረች። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲጀምር በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ዳገቱን ጥላ በጥላ ሆኖ ወደ ቀበሌው ይወርዳል! ፊት ፊት ጥሩነሽ፣ ኋላዋ እትዬ ወርቄ፣ ኋላቸው ታይፒስቷና አስተማሪው እንደ ለመዱት በአንድ ጥላ። ሳሳድዳቸው የከረምኩት ጥላዎች ሁሉ ያን ቀን በእግራቸው መጡልኝ።

ሻንካ ልብሱ ክር በክር እንደሆነ ነው የመጣው።

«ጋቢውስ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ይረጥባላ! ጋቢ ይደርቃል። አንተ ብትገባ ግን ማን ያወጣሃል?» አለኝ።

እንባዬ መጣ። ደንበኛ አጣሁ ብዬ ስነጫነጭ ለካ ወዳጅ አፍርቼ ኖሯል።

ሁሉም በየተራ መሰከሩ። እትዬ ወርቄማ የቀበሌውን ሊቀ መንበር፣ «ልጄ፣ ይሄ ሰው እንኳን መንግሥት ሊገለብጥ የገዛ ጥላውን ማስመለስ ያቃተው ነው» አሉት። ከዚህ የበለጠ የሚያዋርድም የሚያድንም ምስክርነት ሰምቼ አላውቅም።

ሊቀ መንበሩ መታወቂያዎቹን ለየባለቤቱ መለሰ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ጓድ፣ ፀረ አብዮት አለመሆንህ ተረጋግጧል። ነገር ግን ጥላ አብዝተሃል። አንድ ሰው ስንት ራስ አለው?»

«አንድ» አልኩ።

«ስንት ጥላ ያስፈልገዋል?»

«አንድ» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

«ስለዚህ የቀረው ትርፍ ነው። ትርፍ ቤት ለሕዝብ ከሆነ፣ ትርፍ ጥላም ለሕዝብ ይሆናል።»

ይኸው ነው እንግዲህ፤ ከጥላ ንግዴ ያገኘሁት ትርፍ ይሄ ነበር። ጠባቂው ቀይዋን ጥላ አንስቶ፣ «ይቺስ?» ብሎ ጠየቀ። ሊቀ መንበሩ ዘርግቶ አነበባትና፣ «እንደተጻፈው ይፈጸም» አለ።

ለእኔ አንዷን ሰጡኝ። ዘጠኙን ቀበሌው ወሰደና የጥላ አገልግሎት ኮሚቴ አቋቋመ። ጥላ የፈለገ ሰው ማመልከቻ ይጽፋል። ማመልከቻው ሲፈቀድ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ይከፈትለታል። ችግሩ ዕቃ ግምጃ ቤቱ የሚዘጋው የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ነው የሚጀምረው። አንድም ሰው አልተከራየም። ግን ልብ በሉ፤ አንድም ጥላ አልጠፋም! እኔ ያልቻልኩትን ቻሉ።

መስከረም ጠባና ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ከጥሩነሽ ጋር ሄድን። እኔ ያን ክረምት የቀጨኔን ዳገት ስወጣ ስወርድ ከስቼ፣ ኮቴ የሌላ ሰው መስሎ ተንጠልጥሎብኛል። ሊቀ መንበሩ የዓመቱን ሪፖርት አነበበ። ስለ ጽዳት፣ ስለ መሠረተ ትምህርት፣ ቀጥሎም ስለ ጥላ አገልግሎቱ ታላቅ ውጤት ተናገረ። በመጨረሻም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የዚህ ሐሳብ አመንጪ ሰፊው ሕዝብ ነው!» አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብኩ። ጥሩነሽ ወደ እኔ ዞር ብላ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጠጉሬ አየችኝ። ኮቴን አየች፣ አንገቴን አየች።

«አንተን ነው ሰፊው የሚሉህ?» አለችኝ።